የፋብሪካው ዜማና የሠራተኛው ጠባይ

ሥራና ዜማ ተለያይተው የኖሩበት ዘመን የለም ለማለት ይቻላል። የኢትዮጵያ ገበሬ በደቦና በወንፈል ተሰባስቦ ሲያጭድ፣ አውድማ ላይም በሬዎቹን እያዞረ ሲያበራይ በዘፈን ነው። እህል ፈጪዋም ሴት የወፍጮውን መጅ የምትገፋው በእንጉርጉሮ ነበር። በሸራ መርከብ ዘመን የነበሩ የእንግሊዝ መርከበኞችም ከባዱን ገመድ የሚስቡት አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ አንድ የጋራ ነገር ይታያል። ዜማውን የሚያወጣው ሠራተኛው ራሱ ነው። ሲሻው ያፈጥነዋል፤ ሲሻው ያዘገየዋል፤ ሲደክመውም ያቆመዋል።

የእንፋሎት ሞተርና የሽመና መኪና በመጡ ጊዜ ይህ ሁኔታ ተለወጠ። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው መኪናው ሆነ፤ የመኪናው ጩኸትም የሰውን ድምፅ ዋጠው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ዜማ ወደ ሥራ ቦታ ተመልሶ ገባ፤ ሆኖም ባለቤቱ ሌላ ነበር። አሁን የሚመጣው በሽቦ ሲሆን፣ የሚመርጠው አንድ ቢሮ፣ የሚከፍተውና የሚዘጋውም አንድ አለቃ ነው። ሠራተኛው አድማጭ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የሥራ ማጀቢያ ሙዚቃ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደተጀመረ፣ መሐንዲሶችና የሥነ ልቡና ሊቃውንት ውጤቱን እንዴት እንደለኩት፣ በመጨረሻም ልኬታቸው ሳያየው የቀረው ነገር እንዴት እንደተገለጠ በአጭሩ ለማስረዳት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚቃ በሽቦ

የነገሩ መነሻ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። ጆርጅ ኦወን ስኩየር የአሜሪካ ጦር መኰንን ሲሆኑ በ1893 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ተመራማሪም ነበሩ። በ1910 በአንድ የስልክ ሽቦ ላይ አያሌ መልእክቶችን በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ የሚያስችል ዘዴ በሙከራ አሳዩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በጄኔራልነት ማዕረግ የጦሩን የመገናኛ ክፍል መርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ለሰላማዊ አገልግሎት ለማዋል በማሰብ፣ በ1922 ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ጋር በመተባበር ሙዚቃን በመብራት መስመር ወደየቤቱ የሚያስገባ ድርጅት እንዲቋቋም አደረጉ።

ስኩየር በሞቱበት በ1934 ድርጅቱ አዲስ ስም ወጣለት። ሙዚቃ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃልና ኮዳክ የተባለው የታወቀ የካሜራ ስም ተዳቅለው «ሙዛክ» ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ክሊቭላንድ በምትባለው የኦሃዮ ከተማ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሬዲዮ በየቤቱ በነፃ ይሰማ ስለነበር ድርጅቱ ፊቱን ወደ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች፣ ቀጥሎም ወደ ቢሮዎችና ፋብሪካዎች አዞረ። ለቤት የታሰበው ዕቃ የሥራ መሣሪያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሠራተኞችን ድካምና መሰልቸት የሚያጠና የመንግሥት የኢንዱስትሪ ጤና ምርምር ቦርድ ነበር። የቦርዱ ተመራማሪዎች ዋያትና ላንግደን በ1937 ባሳተሙት ሪፖርት፣ ለበዓል የሚሆኑ የወረቀት መጫወቻዎችን በሚጠቀልሉ ሴት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ይገኛል። ሥራው ከጧት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ነው። ተመራማሪዎቹ በአንዳንድ ሰዓቶች የግራሞፎን ሙዚቃ እንዲሰማ አደረጉ፤ ሙዚቃው በሚሰማበት ጊዜም ምርቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሙከራው የተደረገው በጥቂት ሰዎችና በቀላል ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ቢሆንም፣ ውጤቱ ለብዙ አሠሪዎች በቂ ማስረጃ መስሎ ታየ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ነገሩን አጣደፈው። የእንግሊዝ ሠራዊት ከደንከርክ ወደብ ከወጣ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁን 23 ቀን 1940 ቢቢሲ ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የታሰበ የሙዚቃ ፕሮግራም ጀመረ። ስሙም «ሥራ ላይ ሳላችሁ ሙዚቃ» እንደ ማለት ነበር። ጧትና ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ይተላለፋል፤ በኋላም ለሌሊቱ ፈረቃ ሌላ ክፍለ ጊዜ ተጨመረለት።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ዊንፎርድ ሬይኖልድስ ያወጡት ደንብ ለመሐንዲስ የሚስብ ነው። የድምፁ መጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ቀስ ብሎ የሚጫወት ክፍል በመኪናው ጩኸት ስለሚዋጥ ለሠራተኛው ባዶ ጊዜ ይሆንበታልና። ዜማው ግልጽና የታወቀ እንዲሆን ይፈለጋል። ከበሮው እንደ ተኩስ እንዳይሰማም ጥንቃቄ ይደረጋል። በጭብጨባ የሚታጀብ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ዘፈን ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ በሰሙት ቁጥር መሣሪያቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡ፣ ወይም በያዙት መሣሪያ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ፕሮግራሙ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ቀጥሎ እስከ 1967 ድረስ ዘልቋል።

አሜሪካውያንም ከዚህ ወደኋላ አልቀሩም። በ1943 የአገሪቱ የጦርነት ምርት ቦርድ በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ ስላለው ሙዚቃ ሪፖርት አሳተመ። በዚያው ዓመት በስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የድምፅ ተመራማሪ የነበሩት ሃሮልድ በሪስ ማየር፣ ሙዚቃ በኢንዱስትሪ ውስጥ ስላለው ጥቅም በአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች መጽሔት ላይ ጻፉ። የሙዚቃው ጉዳይ ከመዝናኛ ዓምድ ወጥቶ ከቦይለርና ከተርባይን ጎን ለጎን የሚታይ የምሕንድስና ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሙዛክ ይህንን ሐሳብ ወደ ፍጹም ሥርዓት አደረሰው። እያንዳንዱ ዜማ በፍጥነቱ፣ በምቱ፣ በመሣሪያዎቹ ዓይነትና በኦርኬስትራው ብዛት እየተመዘነ የቀስቃሽነት ቁጥር ይሰጠዋል። ዜማዎቹም ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በቅደም ተከተል ተደርድረው ለ15 ደቂቃ ይሰማሉ፤ ቀጥሎ ሌላ 15 ደቂቃ ዝምታ ይሆናል። ሠራተኛው በሚዝልባቸው የረፋድና የከሰዓት በኋላ ሰዓቶች ኃይለኛው ክፍል ይመጣል። አሠራሩ የተመሠረተው በቀላል ሐሳብ ላይ ነው፤ የሰው ጉልበት በቀኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል መስመር አለው፤ ሙዚቃው በተቃራኒው ከፍና ዝቅ ካለ መስመሩ ይስተካከላል። ግን የማን መስመር? መልሱ የአማካዩ ሠራተኛ የሚል ነበር።

አማካዩ የሸፈነው

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከሥራው ዓይነት በኩል ነው። በ1949 ማክጊና ጋርድነር የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ የምንጣፍ ፋብሪካ ልምድ ያላቸውን ሴት ሠራተኞች ተከታተሉ። ሥራው በወረቀት መጫወቻ እንደ መጠቅለል ያለ ሳይሆን ክር ለይቶ በቦታው ማስቀመጥን የሚጠይቅ ውስብስብ ሥራ ነበር። ሠራተኞቹ ሙዚቃውን ወደዱት፤ ምርቱ ግን በሙዚቃው ምክንያት አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

በ1961 ኡርብሮክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። የደረሱበት መደምደሚያ ሻጮችንም ነቃፊዎችንም ሙሉ በሙሉ የሚያስደስት አልነበረም። ሙዚቃ ምርትን ያሳድጋል የሚለው ጥቅል አባባል አልተረጋገጠም። አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ሙዚቃ ባለበት መሥራትን ይመርጣሉ። ቀላልና ተደጋጋሚ ሥራ የሚሠሩ ወጣትና ጀማሪ ሠራተኞች ሙዚቃ ሲሰሙ ምርታቸው ከፍ ማለቱን ቢያንስ ሦስት ተመራማሪዎች ገልጸዋል፤ ውስብስብ ሥራ ላይ ያሉ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ምርት ግን አልጨመረም። ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚሹት ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንደኛው፣ ከመቶ ከ1 እስከ 10 የሚሆኑ ሠራተኞች በሙዚቃው ይናደዳሉ። ሁለተኛው፣ ሙዚቃው ደስ ይላል ብለው ከተናገሩት ሰዎች መካከል እንኳ ሥራቸው የተጎዳባቸው ተገኝተዋል። ሠራተኛው ስለ ራሱ የሚናገረውና እጁ የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ አይደለም ማለት ነው።

የጥቂቶቹ ጉዳይ ከፋብሪካ ውጭም ተነሥቶ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዋሽንግተን ከተማ ትራሞችና አውቶቡሶች ውስጥ ሬዲዮ ተተክሎ ተሳፋሪው ወደደም ጠላም ሙዚቃና ማስታወቂያ እንዲሰማ ተደረገ። ለተሳፋሪዎች በቀረበ መጠይቅ 93.4 ከመቶ የሚሆኑት እንደማይቃወሙ ታወቀ፤ የብዙኃኑ ፈቃድ ቢሆንም አንቀበልም ብለው በተቃውሟቸው የጸኑት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ተሳፋሪዎች ግን ክስ መሠረቱ። በ1952 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብዛኞቹ ዳኞች ሬዲዮው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲሉ ወሰኑ። ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ተቃወሙ፤ በትራም የሚሄድ ሰው ሌላ አማራጭ ስለሌለው እንደ ምርኮኛ አድማጭ ነው፤ የነፃነት መጀመሪያም ሰውን ለራሱ መተው ነው የሚል አስተያየት ነበራቸው። ዳኛው ፊሊክስ ፍራንክፈርተር ደግሞ ከፍርዱ ራሳቸውን አገለሉ። ምክንያታቸውም የዚህ ልማድ ተጠቂ በመሆናቸው ስሜታቸው እጅግ ስለተነካ ያለ አድልዎ ለመፍረድ እንደማይችሉ ነበር። በአስተዋይነታቸው የታወቁ አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛን ከወንበራቸው ያስነሣ ድምፅ፣ ከጎናቸው ለተቀመጠው ተሳፋሪ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ልዩነቱ ከድምፁ ሳይሆን ከሰሚው ነው።

ጭምትና ተግባቢ

ሰሚዎች ለምን ይለያያሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ከሙዚቃ ጥናት ውጭ ያደገ ሌላ ምርምር ነው። የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተሙት ስለ ሥነ ልቡና ዓይነቶች በሚናገረው መጽሐፋቸው፣ ሰዎችን ሐሳባቸው ወደ ውስጥ በሚያዘነብልና ወደ ውጭ በሚያዘነብል በሁለት ከፈሉ። የመጀመሪያውን ጭምት፣ ሁለተኛውን ተግባቢ ብሎ መጥራት ይቻላል። ጭምቱ ጸጥታንና ጥቂት ወዳጆችን የሚመርጥ፣ ተግባቢው ደግሞ ጨዋታና ግርግር የሚያነቃው ነው። ዓለም በእነዚህ በሁለቱ የተከፈለች አይደለችም፤ አብዛኛው ሰው በመካከል ይገኛል።

ከዚህ አስቀድሞ በ1908 የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ለኋላው ጥናት መሠረት የሆነ ነገር አግኝተው ነበር። አይጦቹ ትክክለኛውን መግቢያ እንዲለዩ የሚገፋፋቸው የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። ከባድ በሆነው የመለየት ተግባር ንዝረቱ በጣም ሲያንስ ትምህርቱ ይዘገያል፤ በጣም ሲበዛም ይዘገያል፤ የሚፈጥነው በመካከል ነው። ተግባሩ ይበልጥ አስቸጋሪ በሆነ መጠንም ተስማሚው የንዝረት መጠን ዝቅ እያለ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ለማንኛውም ሥራ የሚስማማ የንቃት ልክ አለ፤ ከዚያ በታች ሰው ያንቀላፋል፣ ከዚያም በላይ ይቅበዘበዛል የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ።

በ1949 ጣሊያናዊው ሞሩዚና አሜሪካዊው ማጉን በአንጎል ግንድ ውስጥ መላውን አንጎል የሚያነቃ የነርቭ መረብ መኖሩን አሳዩ። ከዚያም በ1967 በለንደን ይሠሩ የነበሩት ጀርመን ተወላጁ ሃንስ አይዘንክ እነዚህን ሁሉ በአንድ ንድፈ ሐሳብ አገናኟቸው። በእርሳቸው አባባል የጭምት ሰው አንጎል ከውጭ ምንም ሳይጨመርበት በተፈጥሮው ከፍ ባለ የንቃት ደረጃ ላይ ይገኛል፤ የተግባቢው ደግሞ ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ። ነገሩን በውኃ በርሜል መመሰል ይቻላል። የጭምቱ በርሜል እስከ አፉ ሊሞላ ጥቂት ስለቀረው አንድ ጣሳ ሲጨመርበት ይፈስሳል፤ የተግባቢው ግን ግማሽ ስለሆነ ያንኑ ጣሳ ይፈልገዋል። በ1964 ኮርኮራን የተባሉ ተመራማሪ ምላስ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርገው ምራቅ በመመዘን፣ የጭምት ሰዎች ምራቅ ከተግባቢዎቹ ይበልጥ እንደሚጨምር አሳይተው ነበር። አንድ ዓይነት ጠብታ በሁለት ሰዎች ላይ ሁለት ዓይነት ኃይል አለው ማለት ነው።

ስለ አይዘንክ ሲነገር አንድ ጉዳይ መታለፍ የለበትም። እርሳቸው በ1997 ካረፉ በኋላ፣ በ2019 የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ባደረገው ምርመራ ጠባይንና እንደ ካንሰር ያሉ በሽታዎችን በማያያዝ ከአንድ ተባባሪያቸው ጋር ካሳተሟቸው ጽሑፎች 26ቱ እምነት የማይጣልባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የጭምትነትና የተግባቢነት ጥናት የዚህ ምርመራ ጉዳይ አልነበረም፤ በሌሎች ተመራማሪዎችም በተናጠል ተፈትኗል። ቢሆንም የአንድን ሊቅ ስም አይቶ ብቻ መቀበል እንደማይገባ ያስተምራል።

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

ንድፈ ሐሳቡ ለሙዚቃ የሚኖረው ትርጉም ግልጽ ነው። ለተግባቢው የሚረዳው ሙዚቃ ለጭምቱ ጭነት ሊሆን ይችላል። በ1982 ካምቤልና ሃውሊ የተማሪዎችን የንባብ ልማድ ሲያጠኑ፣ ተግባቢዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰው የሚበዛበትንና ለጨዋታ የሚመቸውን ቦታ፣ ጭምቶቹ ደግሞ ጸጥታ ያለበትን ሥፍራ እንደሚመርጡ አገኙ። ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን የድምፅ መጠን ፈልገው ተቀምጠዋል።

ከሁሉም ይልቅ ለመሐንዲሶች ትምህርት የሚሰጠው ራስል ጊን በ1984 ያሳተሙት ሙከራ ነው። በዚህ ሙከራ ላይ የዋለው ሙዚቃ ሳይሆን ተራ ጫጫታ ቢሆንም አሠራሩ የነገሩን ሥር ይነካል። ጭምቶችና ተግባቢዎች ቃላት እያጣመሩ በሚማሩበት ጊዜ እንዲሰሙት የሚፈልጉትን የጫጫታ መጠን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ ተደረገ። እንደተጠበቀው ጭምቶቹ ዝቅ ያለውን፣ ተግባቢዎቹ ከፍ ያለውን መረጡ። እያንዳንዱ በመረጠው መጠን ሲሠራ የሁለቱም ወገን የልብ ትርታ እኩል ሆነ፤ ትምህርታቸውም እኩል ተሳካ። የአንዱ ምርጫ ለሌላው በተሰጠ ጊዜ ግን ሁለቱም ተጎዱ። ጭምቱ በተግባቢው መጠን ከልክ በላይ ነቅቶ ተሳሳተ፤ ተግባቢውም በጭምቱ መጠን ፈዝዞ ዘገየ። «ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም» የሚለው አነጋገር በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ትልቁ ቁም ነገር፣ ሁለቱ ወገኖች በችሎታ የማይበላለጡ መሆናቸው ነው። አንዱ ከሌላው ያነሰ የሚመስለው ለሌላው በተስተካከለ ድምፅ ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

በሙዚቃም የተደረጉት ሙከራዎች ወደዚሁ ያመለክታሉ። በ1986 ዳውሲስና ማክኬልቪ እንደገለጹት፣ ተግባቢ ተማሪዎች በሙዚቃ የሚያጠኑት ከጭምቶቹ እጥፍ ያህል ጊዜ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የሮክ ሙዚቃ እየሰሙ ባደረጉት የንባብ ፈተናም ጭምቶቹ ዝቅተኛ ውጤት ሲያገኙ የተግባቢዎቹ ውጤት አልተለወጠም። በ1997 አድሪያን ፈርንሃምና ብራድሊ በለንደን ባደረጉት ሙከራ፣ ፖፕ ሙዚቃ እየተሰማ ዕቃዎችን በቃላቸው የያዙ ጭምቶች ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ፣ በዝምታ ካጠኑ ጭምቶችም ሆነ በዚያው ሙዚቃ ካጠኑ ተግባቢዎች ያነሰ አስታወሱ። አንብቦ በመረዳትም ረገድ ልዩነቱ ተመሳሳይ ነበር። በ2002 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሙዚቃና የቢሮ ጫጫታ በንባብ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ለአለቃው ሙዚቃ የሆነው ነገር በቁጥር ሲለካ ጫጫታ ነበር።

ይህ ሲባል ውጤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። ሙከራዎቹ በአብዛኛው የተደረጉት በጥቂት ተማሪዎች ላይ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ጊዜ ውስጥ ነው። ፈርንሃምና ጓደኞቻቸው ዘፈን ያለውንና የሌለውን ሙዚቃ ባነጻጸሩበት የ1999 ጥናት በሁለቱ ጠባዮች መካከል የተጠበቀው ልዩነት ጎልቶ አልወጣም። ስለዚህ የጠባይ ዓይነት አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የሥራው ክብደት፣ የሙዚቃው ዓይነት፣ የሰውየው ዕድሜና ልምድ አብረው ይሠራሉ።

በ2011 ካምፕፈ፣ ዜድልማየርና ሬንከቪትስ የተባሉ ጀርመናውያን በርካታ ጥናቶችን ደምረው ሲያሰሉ ያገኙት ውጤት ይህንን ያጠናክራል። የማጀቢያ ሙዚቃ አጠቃላይ አማካይ ውጤት ዜሮ ሆነ። ነገር ግን ዜሮው ምንም ነገር የለም ማለት አልነበረም። ሙዚቃ ንባብን ያውካል፤ የማስታወስ ችሎታንም በመጠኑ ይጎዳል፤ በአንጻሩ ስሜትን ያነሣሣል፤ የስፖርት እንቅስቃሴንም ያግዛል። ትርፍና ኪሣራው ሲደመር ተጣፍቶ ዜሮ ወጣ። አንድ እግሩን በረዶ ውስጥ፣ ሌላውን እሳት ውስጥ የነከረ ሰው በአማካይ ሞቆታል ማለት ይህ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ይሁን?

የምሕንድስና ሙያ ከአማካዩ ሰው ጋር የተጋጨው በሙዚቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል የአብራሪ መቀመጫዎችን በአማካይ የሰውነት ልክ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ጊልበርት ዳንኤልስ የተባሉ ወጣት መኰንን የ4,063 አብራሪዎችን የሰውነት መጠን መረመሩ። በ1952 ባወጡት ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ በተመረጡት አሥር መለኪያዎች ሁሉ ከአማካዩ አካባቢ የተገኘ አብራሪ አንድም አልነበረም። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተሠራው መቀመጫ ለማንም የሚስማማ አልነበረም ማለት ነው። መፍትሔው አዲስ አማካይ መፈለግ ሳይሆን መቀመጫውንና መሪ መርገጫውን ተስተካካይ ማድረግ ሆነ።

በሙዚቃም በኩል ተመሳሳይ ለውጥ የመጣው በአንድ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በ1979 ሶኒ ዎክማን የተባለውን በኪስ የሚያዝ የቴፕ ማጫወቻ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ለገበያ አቀረበ። ከዚህ በኋላ ሙዚቃውን የሚመርጠው፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሠራተኛው ራሱ ሊሆን ቻለ። በ1995 ኦልደምና ጓደኞቻቸው በአንድ የንግድ ድርጅት በሚሠሩ 256 ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በጎ ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል 75ቱ ለአራት ሳምንት በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። የሥራ ውጤታቸውም መንፈሳቸውም ተሻሻለ፤ ከሁሉም ይበልጥ የተጠቀሙት ቀለል ያለ ሥራ የሚሠሩት ነበሩ። በ2005 ቴሬሳ ሌሲዩክ በካናዳ 56 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎችን ለአምስት ሳምንት ሲከታተሉ፣ ለሙዚቃ የለመዱት እነዚህ ባለሙያዎች ሙዚቃ ባልነበረበት ሳምንት የሥራቸው ጥራት ዝቅ ብሎ፣ የፈጀባቸውም ጊዜ ረዝሞ ተገኝቷል። በሁለቱም ጥናቶች ሰዎቹ የሰሙት የመረጡትን ነው። ከፋብሪካው ድምፅ ማጉያ የሚለየውም ይኸው ነው።

ሙዛክ በበኩሉ በ2009 የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በ2011 በሌላ ኩባንያ ተገዛ፤ በ2013 ስሙም ቀረ። ሆኖም ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ድምፅ ውስጥ እንዲሠራ የማድረጉ ልማድ ከእርሱ ጋር አልቀረም። ግድግዳ የሌላቸው ሰፋፊ ቢሮዎች፣ ከጣሪያ ላይ በሚሰሙ ማጉያዎች የሚሞሉ መደብሮችና የመገጣጠሚያ አዳራሾች ዛሬም በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ።

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት መውሰድም ይቻላል። የጠባይ ልዩነት ካለ ሠራተኛውን ሲቀጠር በመጠይቅ ፈትኖ ጭምቱን እዚህ፣ ተግባቢውን እዚያ ማስቀመጥ ይሻላል የሚል አስተዳዳሪ ሊነሣ ይችላል። ይህ ግን አንዱን አማካይ በሁለት አማካይ መተካት ብቻ ነው። የሰው ጠባይ በሁለት ሣጥን የሚከተት አይደለም፤ አንዱ ሰው እንኳ ጧት ሒሳብ ሲሠራ ጸጥታ፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሲደረድር ዘፈን ሊሻ ይችላል። የጊን ሙከራ እንዳሳየው፣ መምረጫው በእጁ እስከሆነ ድረስ ማንም ሳይፈትነው ሰው ተስማሚውን ልክ ራሱ ያገኛል።

ስለዚህም የድምፅ ማጉያ መስመር የሚነድፍ መሐንዲስ ሊሠራቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። መስመሩን በክፍል በክፍል መለያየት፣ ለየክፍሉ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያና የድምፅ ማስተካከያ ማድረግ፣ ጥልቅ ሐሳብ ለሚጠይቅ ሥራ ጸጥ ያለ ክፍል ማስቀረት፣ የተሽከርካሪና የመኪና ማስጠንቀቂያ መሰማት በማያስፈልግበት ቦታም የጆሮ ማዳመጫ መፍቀድ ወጪያቸው ከባድ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር የብዙኃኑን መልስ ካገኙ በኋላ ስለ ጥቂቶቹ መጠየቅን መልመድ ነው።

ኡርብሮክ በ1961 ያገኙት ቁጥር፣ ከመቶ ከ1 እስከ 10፣ በሪፖርት ላይ ሲነበብ አነስተኛ ይመስላል። 500 ሠራተኞች ባሉበት ፋብሪካ ግን ከ5 እስከ 50 ሰው ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ምናልባትም እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ የተሰጣቸው እነርሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ያህል፣ ያልመረጡትን ድምፅ ተሸክመው ይሠራሉ፤ ውጤታቸው ዝቅ ሲልም ጥፋቱ የራሳቸው ተደርጎ ይቆጠርባቸዋል። ጥፋቱ ግን በንድፉ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ንድፉን የማረሙም ሥራ የመሐንዲሱ ነው።